አንድ ጋን ስንት ጎረቤት ነው?

ቤት ውስጥ መጠጥ መጥመቅ ልጀምር ብሎ የተነሣ የከተማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የዕቃ ዝርዝር መጻፍ ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል ባልዲ፣ ቴርሞሜትር፣ የአልኮል መለኪያ፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ሸጉጦ የሚያመጣው የቢራ እርሾ። ይህ ሲያልቅ ሁለተኛው ዝርዝር ይከተላል፤ ገብሱ ከየት ይገዛ፣ ብቅሉን ማን ያብቅል፣ ጌሾው የየት አገር ይሁን፣ ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ። ጥንቁቅ የሆነው ደግሞ ስልኩ ላይ ቀን ቆጥሮ «ዛሬ ጥንስስ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድፍድፍ» እያለ ደወል ይሞላል። ዝርዝሮቹ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ናቸው፤ ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው። መጠጡን ማን ይጠጣዋል የሚል መስመር የላቸውም። ለምን ሲባል ጀማሪው ይስቅና «እኔ ነኛ!» ይላል። እዚህ ላይ ነው መንገዳችን የሚለያየው። በቤት የሚጠመቅ መጠጥ ከዕቃም ከእህልም ከሙያም በፊት የሚፈልገው ጠጪ ነው፤ ጠጪ ሲባል ደግሞ አንድ ሰው ማለት አይደለም። ጀማሪ ጋን ከመግዛቱ በፊት ጎረቤቶቹን ይቁጠር፣ ቁጥሩ ካላጠገበው ጋኑን ይተወው የሚል ነው ክርክሬ።

ምክንያቱ ከጋኑ ውስጥ ይጀምራል። የፋብሪካ ቢራ ሥራውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ መጠጥ ነው፤ ተጣርቷል፣ በሙቀት ተመትቷል፣ ወራት ቢቀመጥ ጠባዩ ብዙ አይለወጥም። ጠላ ግን እስከ መጨረሻዋ ጣሳ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ማንም ያልጠራቸው አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች የየራሳቸውን ድግስ ይደግሳሉ። የቢራ ፋብሪካ የብቅሉን ውሃ ሆፕስ ከሚባለው መራራ ተክል አበባ ጋር አንተክትኮ ያፈላና ሲቀዘቅዝ የመረጠውን እርሾ ብቻ ይጨምርበታል፤ ያልተጋበዘ እንግዳ ማፍያው ላይ ያልቃል። ጠላ እንዲህ ዓይነት በረኛ የለውም። እርሾው የሚመጣው ከእህሉ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ ነው፤ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፣ አኮምጣጮቹንም በመጠኑ ያስታግሳቸዋል፣ ግን አያስቆማቸውም። በዚህ ምክንያት ጠላ ደርሶ የሚጥምበት ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው። ትናንት ጉሽ ነበር፣ ዛሬ ልክ ሆኗል፣ ከነገ ወዲያ ጥርስ ያጠርሳል፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል እንጂ...» እያለ ማቅረብ ይጀምራል። ቆላ ከሆነ ይፈጥናል፣ ደጋ ከሆነ ይዘገያል። ባለሙያ ጠማቂ ጊዜውን ታራዝመዋለች እንጂ ልታስቀረው አትችልም።

ታዲያ ጥቂት ጠምቆ ቶሎ መጨረስ ነዋ! ይህን የሚል ሰው ጠላ ሲጠጣ እንጂ ሲጠመቅ አላየም። ገብሱ ወይም ስንዴው ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይጎነቁላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ይህ ብቅሉ ብቻ ነው። ጌሾው ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ተጠንስሶ ይሰነብታል። ቂጣው ወፈር ተደርጎ ይጋገርና ይቆራረሳል። እንኩሮውም አለ፤ ዱቄቱ በውሃ ረጠብ ይደረግና ምጣድ ላይ ይፈስሳል፣ ከዚያ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። እጅ ካረፈ ይያያዛል፣ ከተያያዘ ያርራል፣ ካረረ ማረሩን ጠጪው ሁሉ ያውቅልሻል። ጠማቂዋ የምትመራው በአፍንጫዋ ነው፤ የጥሬ ዱቄት ሽታ ጠፍቶ የተቆላ እህል ሽታ ቤቱን ሲሞላ፣ ቀለሙም ወደ ቡና ሲያደላ ምጣዱን ታወርዳለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጋኑ ነው። ግራዋ በእፍኝ ተይዞ ክንድ እስከ ብብት ጋኑ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ይፈተጋል፣ ውሃው ይደፋል፣ እንደገና ይፈተጋል። የሚደፋው ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ማንም «በቃ» አይልም። ቀጥሎ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። ጭሱ ውስጥ ታፍኖ የጋኑ ሆድ በመዳፍ ሲነካ እስኪግል ይቆያል፤ ሲነሣ ከአፉ የሚወጣው ሽታ ነው ገና ያልተጠመቀውን ጠላ ሰፈር ውስጥ የሚያሳማው። ይህ ሁሉ ልፋት ለ5 ሊትርም ለ50 ሊትርም ያው ነው ማለት ይቻላል። ጋን ሲታጠን ለግማሽ ጋን ብሎ በግማሽ አይታጠንም። ለ10 ጣሳ ብሎ ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው ካለ ወይ ጠላ በጣም ይወዳል፣ ወይ ሌላ ሥራ የለውም።

እንግዲህ ልፋቱ ብዙ ጥመቅ ይላል፣ ዕድሜው ቶሎ ጨርስ ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ የሰው ብዛት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 50 ሊትር የሚይዝ ጋን፣ ጣሳዋን ግማሽ ሊትር ብንላት፣ 100 ጣሳ ይወጣዋል። «እኔ ነኛ» ያለው ጀማሪ በየምሽቱ ሦስት ጣሳ ቢጠጣ፣ ማለትም ጎበዝ ጠጪ ነው ብንል፣ ከወር በላይ ይፈጅበታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠላ ይጠጣል፣ የቀሩትን ሳምንታት ኮምጣጤ። ያንኑ ጋን ሠላሳ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ያውም «አለቀ እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የአገራችን የድግስ ካላንደር በዚህ ሒሳብ ላይ የተሠራ ይመስለኛል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞረው ለጻድቁ ወይም ለመልአኩ መታሰቢያ ነው፤ ይህን አልክድም። የተራው ባለቤት የጠመቀውን ጠላ በአንድ ቀን ጨርሶ የሚሄድ ጉባኤ ከዚህ የተሻለ ግን ማንም ሊያዘጋጅ አይችልም። ደቦም እንዲሁ ነው፤ አጫጁ የሚመጣው ለወዳጅነቱ ቢሆንም ከእርሻው ዳር እንስራ መኖሩን በዓይኑ ሳያረጋግጥ ማጭዱን አያነሣም። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሰንበቴ፣ ተዝካር ሁሉም ቀናቸው የታወቀ፣ እንግዳቸው የተቆጠረ ነው፤ ጥንስሱ የሚጣለው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። መጀመሪያ ጠጪው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ ጋኑ። የዘመኑ ጀማሪ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ጋኑን ከገዛ በኋላ ጠጪ ይፈልጋል። ድግስ የሌላቸውና መጥመቁን መተዳደሪያ ያደረጉት ደግሞ ደጃቸው ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍተው ይሰቅላሉ፤ ጠላው ደርሷል፣ አላፊ አግዳሚው ይግባ ነው ነገሩ።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው ወደ እንግሊዝ አገር መለስ ብሎ ይመልከት። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገጠር መጠጡን የሚጠምቁት በአብዛኛው የቤት እመቤቶች ነበሩ። ሆፕስ ስላልነበረበት መጠጡ በጥቂት ቀናት ይኮመጥጥ ነበር። አንዷ ስትጠምቅ ቤተ ሰቧ የማይጨርሰውን ለጎረቤት ትሸጣለች፤ መጠጥ መኖሩም የሚታወቀው ደጇ ላይ በሚሰቀል ረጅም እንጨት ነበር፣ ጫፉ ላይ ቅጠል ወይም መጥረጊያ ታስሮበት። ጣሳ ከመስቀል ያለው ልዩነት ያን ጊዜ ጣሳ አለመኖሩ ብቻ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ፣ ከዛሬዎቹ ሆላንድና ቤልጂየም አካባቢ፣ ሆፕስ ያለበት ቢራ እየተስፋፋ መጣ። ሆፕሱ መጠጡን አቆየው፤ የቆየ መጠጥ ሩቅ መሄድ ቻለ፤ ሩቅ የሚሄድ መጠጥ ትልቅ ጋንና ትልቅ ገንዘብ ፈለገ፤ በዚህ መሐል መጥመቁ ከእመቤቶቹ ቤት ወጥቶ ገንዘብ ካላቸው ወንዶች እጅ ገባ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ መበላሸት ከየት እንደሚመጣ በማይክሮስኮፕ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1892 ደግሞ በአሜሪካ ባልቲሞር ዊልያም ፔይንተር የሚባል ሰው የጠርሙስ ቆርኪን በስሙ አስመዘገበ። (በባልቲሞርና በዋሽንግተን አካባቢ ስንት ሺህ ሐበሻ እየኖረ ይህን ሰው የሚያነሣው አለመኖሩ ውለታ ቢስነት ነው።) ሠላሳ ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1922 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ጠርሙሱም ቆርኪውም ዘመን ተሻግረው እኛ ዘንድ ደረሱ። ከነዚህ ሁሉ ፈጠራዎች በኋላ የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድሎ ብቻውን መጠጣት ቻለ። አንድ ጠርሙስ 33 ሳንቲ ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ወንበር የተሰፋ። የተቀረው ሳጥኑ ውስጥ ይጠብቃል፤ አይቆጣም፣ አይኮመጥጥም፣ ጎረቤት ጥራ አይልም። ጀማሪያችን «እኔ ነኛ!» ሲል የሚናገረው በቆርኪ ቋንቋ ነው፤ የገዛው ግን ጋን ነው።

አሜሪካውያን ቢራ በቤት መጥመቅን የትርፍ ጊዜ ሥራ አድርገው ከእኛ ጀማሪ በፊት ስለሄዱበት የእነሱን ልምድ ማየት ተገቢ ነው። የመጠጥ ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሣ ወይን በቤት መጥመቅ ተፈቀደ፤ ቢራ ግን እስከ 1978 ድረስ ቆየ፤ ያን ዓመት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ለቤት ፍጆታ የሚጠመቀውን ከግብር ነፃ አደረገው። ሕጉ አንድ አዋቂ ብቻውን የሚኖር ከሆነ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን እንዲጠምቅ ይፈቅዳል። 200 ጋሎን ወደ 757 ሊትር ነው፤ ለዓመቱ ቀናት ቢካፈል በቀን ሁለት ሊትር ይደርሳል። ሕግ አውጪዎቹ ባልና ሚስት ይህን ለብቻቸው ይጨርሳሉ ብለው የገመቱ አይመስለኝም፤ ከጀርባ ጎረቤት አስበዋል። መሸጥ ክልክል ነው። የተለመደው አንድ ዙር 5 ጋሎን፣ 19 ሊትር ገደማ ነው፤ ወደ 50 ጠርሙስ ይወጣዋል። ይህ እንግዲህ ፈልቶ፣ ንጹሕ እርሾ ገብቶበት፣ በጠርሙስ ታሽጎ ወራት የሚቆይ መጠጥ ነው፤ ለብቻ ለመጠጣት የተመቸ። እንዲያም ሆኖ የአሜሪካ ጠማቂዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ማኅበር ማቋቋም ሆነ። በየከተማው በወር በወር እየተሰበሰቡ አንዱ የሌላውን ይቀምሳል፣ ውድድር ይከፍታሉ፣ ዳኛ ይሰይማሉ። ጻድቅ የላቸውም እንጂ ጽዋ ማኅበር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ሲፈላ የመጀመሪያው 50 ጠርሙስ ገና ሳሎን ውስጥ ተደርድሯል፤ ሚስትም ታያለች። ሜሪላንድ ውስጥ ምድር ቤቱ ድፍድፍ ያስቀመጠ አበሻ ደግሞ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቶ በፕላስቲክ በርሜል የሚደፈድፈው ልደት ወይም ክርስትና ቀኑ ተቆርጦ ነው።

ክርክሩን የሚነቀንቀው ብርቱ ተቃውሞ የሚመጣው ከባለሙያዎቹ ነው። «ድፍድፍ እኮ ይቆያል» ይላሉ። እውነት ነው። ወፍራሙ ድፍድፍ አፉ ተመርጎ፣ አየር ሳይገባው ከተቀመጠ ቀጥኖ ከሚጠጣው ጠላ እጅግ ይሰነብታል፤ ባለቤቷ እንዳስፈላጊነቱ ጥቂት ቀንሳ በእንስራ ታቀጥናለች። እንግዲያው ብቸኛው ጀማሪ አንድ ጊዜ ደፍድፎ በየሳምንቱ ለራሱ የምትበቃውን እያቀጠነ ለምን አይኖርም? ይህ ዘዴ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዘዴ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ በተቀነሰ ቁጥር የጋኑ ባዶ ቦታ ይሰፋል፣ እጁ ያልለመደ ሰው ደግሞ ልቅመሰው እያለ በየቀኑ ይከፍታል። የድፍድፍ ዋና ጥቅምም ሌላ ነው፤ ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንዳያፍር ነው። ድፍድፍ ያለው ቤት ጠጪ የሚጠብቅ ቤት ነውና ማስረጃው ዞሮ ለእኔ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍሪጅ ባለቤቶች የሚመጣ ነው። ለምን ጠርሙስ ውስጥ አይገባም? ለምን በሃይላንድ ተሞልቶ ፍሪጅ ውስጥ አይደረደርም? ቅዝቃዜ እርሾውንም አኮምጣጩንም ያዘገያቸዋል፣ ስለዚህ ጥቂት ቀን ያተርፋል፤ ይህን ያህል እቀበላለሁ። ግን አያስተኛቸውም። ሥራው ያላለቀ ጠላ ክዳኑ ጠብቆ ከፍሪጅ ውጭ ያደረ እንደሆነ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ሃይላንዱ ሆዱ ይነፋል፣ ቂጡ ይገለበጥና አልቆም ይላል፣ ሲከፈት ግማሹ ጣሪያ ላይ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ከሆነማ የሚበረው መጠጡ ብቻ አይደለም። ቢራ በጠርሙስ የሚያሽጉ የቤት ጠማቂዎች ይህን ስለሚያውቁ እርሾው ስኳሩን እስኪጨርስ በመለኪያ እያዩ ይጠብቃሉ፣ ከዚያም ለጋዙ የሚበቃውን ስኳር በግራም መዝነው ይጨምራሉ። መለኪያ መግዛቱን የማልነቅፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላም ጥቅም አለው። የቤት ጠላ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይኖረዋል፣ ማለትም ከለስላሳ ብዙም ካልራቀው እስከ ደህና ቢራ። ጠርሙስ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ጋን ላይ አልተጻፈም። መኪና ለሚነዳ እንግዳ ይህ ጉዳይ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀልድን ያስተዋል። ይህ የምታሞካሸው ጎረቤታምነት በሴቶች ጀርባ ላይ የቆመ ነው ቢባል ምን መልስ አለ? ውሃውን የቀዳችው፣ ጋኑን የፈተገችው፣ እንኩሮውን ስታማስል ጭስ ዓይኗን ያጠፋት እሷ ናት። የወንዱ ድርሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ አንዴ ተጎንጭቶ፣ ወደ ጣሪያው እያየ «ጌሾ አልበዛበትም?» ማለት ነበር። ጠላና አረቄ ሸጠው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች በየከተማው አሉ፤ ያሳደጓቸው ልጆች ሲሾሙ የእናታቸውን ሥራ በሌላ ስም የሚጠሩበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ዛሬ አንድ ጎልማሳ መለኪያና ቱቦ ገዝቶ ያንኑ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሙያው በድንገት ክብር ያገኛል፤ ፎቶ ይነሣል። ይህን ተቃውሞ ልረታው አልችልም፣ ልረታውም አልፈልግም፤ የሚያስከትለውን ግን አያለሁ። የሚያስከትለው «ብቻህን ጥመቅ» አይደለም፣ «የሚጠጣው ይጠብ» ነው። ጠጪ የሚያስፈልገው ለመጠጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአግዳሚው ወንበር ሰው በበቃ ነበር። ትልቅ ድግስ ሲሆን የሰፈር ሴቶች አንዷ ለአንዷ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ቂጣ ይጋግራሉ፣ እድሩ ዕቃውን ያውሳል፤ አበው ጋን በጠጠር ይደገፋል ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ጀማሪው ወንድ ከሆነ ሠላሳ ወዳጅ ከመጥራቱ በፊት ከመሐላቸው አምስቱን ግራዋ አስይዞ ጋኑ ፊት ያቁማቸው። የጌሾውን መብዛት የሚናገሩበት ድምፅ ከዚያ በኋላ ዝቅ ይላል።

ርካሽ ስለሆነ እጠምቃለሁ የሚለውንና ውድ ስለሆነ አልጠምቅም የሚለውን በአንድ ላይ ማለፍ ይቻላል። የእህሉ፣ የማገዶው፣ የጌሾውና የጊዜው ዋጋ ሲደመር አንድ ጣሳ ከአንድ ጠርሙስ ይርከስ ወይም ይወደድ እንደ ገበያው ነው፤ የደቦን ጠላ ግን በጣሳ ሒሳብ ያሰላ ገበሬ የለም፣ የሚያስበው ስንት ጥማድ መሬት እንደታጨደለት ነው። የማይጠጣ ጎረቤትስ? በሃይማኖቱም በጤናውም የማይጠጣ ሰው በየደረጃው አለ። ለእሱ ብርዝ አለለት፣ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው አልኮል የሌለው መጠጥም አለለት፤ ባለ ጋኑ ትንሽ ማሰሮ ለብቻ ያዘጋጃል። ቆጠራው ላይ ይገባል እንጂ አይዘለልም፤ ምክንያቱም ጠጥቶ የማይሰክር ሰው በመጨረሻ ሌሎቹን ወደየቤታቸው የሚያደርስ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ነው። «አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ከፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ስሙን አላውቀውም፣ ማንን ልጥራ?» ይላል። ይህ ሰው ጎረቤት የለኝም ማለቱ ነው፣ ግን ወይራ ባጠነ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት እንዳሉት ያውቃል። ጭሱ በበሩ ስር ወጥቶ ደረጃውን ይዞ ይወርዳል፤ አንደኛው እሳት ተነሣ ብሎ ይወጣል፣ ሁለተኛዋ ልብሴ ተሰጥቷል ብላ ትመጣለች፣ ሦስተኛው አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ማነው የሚደግሰው?» ይላል። ብልህ ከሆነ ጋኑን ኮሙናል ከሚሉት የጋራ ቤት ደጅ አውጥቶ ያጥናል፣ ቀኑንም እዚያው ይናገራል። ብልህ ካልሆነ ደግሞ አተላው ያስተምረዋል። ከ50 ሊትር ጠላ በኋላ ጋኑ ግርጌ የሚቀረው አተላ ቀላል አይደለም፤ ገጠር ቢሆን ለከብት ይሰጥ ነበር፣ ፎቅ ላይ ግን ብቸኛ ጠማቂ በሌሊት የወጥ ቤቱ መታጠቢያ ውስጥ ይደፋዋል። አተላ ቧንቧ ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል። በማግስቱ ጠዋት የሦስተኛ ፎቁ ነዋሪ ሱሪውን ጠቅልሎ በሩን ያንኳኳል፤ ስሙን ለማወቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ጣሳ ለማቅረብ ግን አይመችም። የሚሻለው ከሰፈሩ ዳር ከብት የሚያደልብ ሰው ፈልጎ አስቀድሞ መነጋገር ነው። አድላቢዎች አተላ ይፈልጋሉ፣ ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። ደረጃ የወጣ ሰው ደግሞ ይጠማዋል፤ ጠላው ከማለቁ በፊት ለእሱም ሁለት ጣሳ ማስቀረት ያስፈልጋል።